ዳግም ዘርን ማቃለል ምን ማለት ነው?

በአልጀብራ ትምህርት ውስጥ እንደ ዳግም ዘር ብዙ ደንብ የተከመረበት ክፍል ጥቂት ነው። «ከምልክቱ ውስጥ ሊወጣ የሚችለውን ሁሉ አውጣ፤ በክፍልፋይ ታሕት ላይ ዘር አታስቀር፤ ተመሳሳዮቹን ደምር» እየተባለ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ተነግሮናል። ደንቡን የፈጸመ ተማሪ ነጥቡን ያገኛል፥ ያልፈጸመ ያጣል። ነገር ግን ደንቡ ለምን እንደ ወጣ፥ እስከ የት እንደሚያገለግልና የት ላይ እንደሚቆም ብዙ ጊዜ አንጠየቅም፤ እኛም አንጠይቅም።

ይህ ጽሑፍ ለማስረዳት የሚሞክረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ማቃለል የቁጥሩን መልክ እንጂ ዋጋውን የማይለውጥ ሥራ መሆኑንና፥ ከብዙዎቹ መልኮች መካከል የትኛው «ቀላል» እንደ ሆነ የሚወስነውም ቀጥሎ የሚጠብቀን ሥራ መሆኑን ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ ትክክለኛ መልሱን ስሕተት መስሎት ይሠርዛል፤ ይህን ያልተረዳ መምህርም ትክክለኛውን መልስ ስሕተት ብሎ ያርማል። ስለዚህ ነገሩ የደንብ ብቻ ሳይሆን የፍርድም ነው።

፩. ዳግም ዘር ምንድን ነው?

ከእርሻ መሬት እንጀምር። የጥማድ ስፋት እንደ አገሩ ልማድ ይለያያል፤ እዚህ ግን አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፥ ማለት 2,500 ካሬ ሜትር ነው ብለን እንያዝ። አንድ ጥማድ መሬት አራቱም ጎኖቹ እኩል በሆኑ ካሬ ቢከለል የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 50 ሜትር ይሆናል፤ 50 በ50 ሲባዛ 2,500 ነውና። መሬቱ ሁለት ጥማድ ቢሆንስ? ነገሩን ሳያመዛዝን የሚመልስ ሰው «ጎኑም እጥፍ፥ 100 ሜትር ይሆናል» ሊል ይችላል። ነገር ግን 100 በ100 ሲባዛ 10,000 ስለሚሆን ይህ አራት ጥማድ እንጂ ሁለት ጥማድ አይደለም። የሁለት ጥማዱ ጎን በራሱ ሲባዛ 5,000 የሚሰጥ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር የ5,000 ዳግም ዘር እንለዋለን፤ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ «ስኩዌር ሩት» የምንለው ነው። ሲጻፍም √5000 ተብሎ ነው።

በአጠቃላይ አነጋገር ሀ ከዜሮ የማያንስ ቁጥር ሲሆን √ሀ ማለት በራሱ ሲባዛ ሀን የሚሰጥና ራሱም ከዜሮ የማያንስ ቁጥር ማለት ነው። የመጨረሻዋን ሐረግ አጥብቀን መያዝ አለብን። በራሱ ሲባዛ 9 የሚሰጥ ቁጥር ሁለት ነው፤ አንዱ 3፥ ሁለተኛው −3። ምልክቱ √9 ግን 3ን ብቻ ያመለክታል። ሁለቱንም ስንፈልግ ±√9 ብለን መጻፍ ይገባናል። ይህች ትንሽ ስምምነት ወደ ኋላ እንደምናየው ብዙ መዘዝ ያለባት ናት።

ምልክቱን በታተመ መጽሐፍ ያወጣው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ክሪስቶፍ ሩዶልፍ ሲሆን ጊዜውም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር 1525 ነበር። ከምልክቱ ጋር ተያይዞ ቁጥሮቹን የሚሸፍነውን አግድም መሥመር የጨመረበት ደግሞ ፈረንሳዊው ሬኔ ዴካርት በ1637 ባሳተመው የጂኦሜትሪ መጽሐፉ ነው። በዚህ ጽሑፍ በአግድሙ መሥመር ፈንታ ቅንፍ እንጠቀማለን።

፪. ምልክቱን ለምን እንጠብቀዋለን?

«√2ን ለምን 1.414 ብለን ጽፈን አንገላገልም?» የሚል ጥያቄ በየክፍሉ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ደግሞ ከግሪኮች ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። √2 በማናቸውም ክፍልፋይ በትክክል ሊጻፍ አይችልም።

ማረጋገጫው አጭር ነው። √2 = መ/ነ ነው እንበል፤ መ እና ነ ድፍን ቁጥሮች ሲሆኑ ክፍልፋዩም እስከ መጨረሻው የተቃለለ ነው። ሁለቱን ወገኖች በራሳቸው ብናባዛ መ² = 2ነ² እናገኛለን። እንግዲህ መ² ተጋማሽ ነው፤ ስለዚህ መም ተጋማሽ ነው፤ ኢተጋማሽ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ተጋማሽ አይሆንምና። መ = 2ረ ብንል 4ረ² = 2ነ²፥ ማለት ነ² = 2ረ² ይሆናል። እንግዲያው ነም ተጋማሽ ሆነ። ሁለቱም ተጋማሽ ከሆኑ ክፍልፋዩ በ2 ገና ሊቃለል ይችል ነበር፤ እኛ ግን እስከ መጨረሻው የተቃለለ ነው ብለን ተነሥተናል። ነገሩ እርስ በርሱ ተጋጨ፤ ስለዚህ መነሻችን ሐሰት ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ኢንብብ ቁጥር እንለዋለን። ፕላቶን «ቴአይቴቶስ» በተባለው መጽሐፉ የቂሬናው ቴዎዶሮስ ከ3 እስከ 17 ስላሉት ቁጥሮች ዘር ይህንኑ ጉዳይ ለተማሪዎቹ ሲያስረዳ ያሳየናል።

ይህ ማለት ግን √2ን አስጠግተን ማስላት አንችልም ማለት አይደለም። በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1800 እስከ 1600 ባለው ዘመን እንደ ተጻፈ የሚገመት አንድ የባቢሎን የሸክላ ጽላት አለ። በላዩ ላይ ጎኑ 30 የሆነ ካሬ ከነሰያፍ መሥመሮቹ ተሥሎ በስድሳ በስድሳ በሚቈጠረው የባቢሎን አቆጣጠር 1፥ 24፥ 51፥ 10 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈውበታል። ይህ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ 1.41421296 ይሆናል። እውነተኛው ዋጋ 1.41421356 ብሎ የሚቀጥል ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። የባቢሎን ጸሐፊ ይህን ያህል ተጠግቶ ነበር፤ ቢሆንም የጻፈው ግምት ነው። √2 የሚለው ጽሕፈት ግን ግምት አይደለም። ምልክቱን እስከ ሥራው ፍጻሜ የምንጠብቀው ትክክለኛውን ቁጥር ሳናጎድል ለመያዝ ነው፤ ማቃለል የሚባለው ጥበብም ያስፈለገው ምልክቱን እንደ ያዝን መሥራት ስላለብን ነው።

፫. ከምልክቱ ውስጥ ስለ ማውጣት

የመጀመሪያው ደንብ √(ሀ × ለ) = √ሀ × √ለ የሚለው ነው፤ ሀ እና ለ ከዜሮ የማያንሱ ሲሆኑ። እውነትነቱን ለማየት የቀኙን ወገን በራሱ ማባዛት ይበቃል። (√ሀ × √ለ)² = ሀ × ለ ይሆናል፤ √ሀ × √ለ ደግሞ ከዜሮ አያንስም። በትርጓሜው መሠረት እንዲህ ያለው ቁጥር √(ሀ × ለ) ብቻ ነው።

በዚህ ደንብ መሠረት የሁለት ጥማዱ ጎን √5000 = √(2500 × 2) = 50√2 ሜትር ነው። የስምንት ጥማዱም ጎን √20000 = 100√2 ሜትር ነው። √5000 እና √20000 ተብለው ሲጻፉ ዝምድናቸው በግልጽ አይታይም፤ 50√2 እና 100√2 ሲባሉ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያው እጥፍ መሆኑ ወዲያው ይገለጣል። ማቃለል የሚሰጠው የመጀመሪያ ጥቅም ይህ ነው፤ የተሰወረውን ዝምድና ያሳያል።

ቁጥሩ ከፍ ያለ ሲሆን በብቸኛ ቁጥሮች መዘርዘር የተሻለ መንገድ ነው። በአንደኛው መቶ ዓመተ ምሕረት ገደማ የኖረው የእስክንድርያው ሔሮን «መትሪካ» በተባለው መጽሐፉ ጎኖቹ 7፥ 8 እና 9 የሆኑ ሦስት ማዕዘን ስፋቱ √720 መሆኑን ያሳያል። እኛ 720ን ብንዘረዝር 2 × 2 × 2 × 2 × 3 × 3 × 5 እናገኛለን። ጥንድ ያለው ሁሉ ከጥንዱ አንዱ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጥንድ ያጣው በውስጥ ይቀራል። ሁለት ጥንድ 2 እና አንድ ጥንድ 3 ስላሉ ወደ ውጭ የሚወጣው 2 × 2 × 3 = 12 ነው፤ በውስጥ የሚቀረውም ብቻውን ያለው 5 ነው። ስለዚህ √720 = 12√5።

ሔሮን ራሱ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። ለ720 ቅርብ የሆነው ፍጹም ርቢ 729 ዘሩ 27 ስለ ሆነ፥ 720ን ለ27 አካፈለ፤ 26 ከ2/3 ሆነ። ይህን ከ27 ጋር ደምሮ እኩሌታውን ሲወስድ 26 ከ5/6 አገኘ፤ ማለት 26.8333 ነው። ትክክለኛው እስከ አራት አኀዝ 26.8328 ስለ ሆነ ሔሮን በአንድ እርምጃ እጅግ ተጠግቷል። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ሔሮን የፈለገው የመሬቱን ስፋት በቁጥር መናገር ነበር፤ ለዚያ ሥራ √720 እንዳለ ይበቃዋል። √720ን ከ√45 ጋር ማወዳደር ቢያስፈልገው ኖሮ ግን 12√5 እና 3√5 የሚሉት መልኮች ይሻሉት ነበር፤ አንዱ የሌላው አራት እጥፍ መሆኑን ወዲያው ያሳያሉና።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። ሁለት ተማሪዎች አንዱን ቁጥር በየራሳቸው መንገድ እስከ መጨረሻው ቢያቃልሉ ወደ አንድ መልክ ይደርሳሉን? አዎን፥ ይደርሳሉ። ሀ√መ = ለ√ነ ነው እንበል፤ ሀ እና ለ ከዜሮ የሚበልጡ ድፍን ቁጥሮች፥ መ እና ነ ደግሞ በውስጣቸው አንዳች ጥንድ ያልቀረባቸው ናቸው። በራሳቸው ሲባዙ ሀ² × መ = ለ² × ነ ይሆናል። በሀ² እና በለ² ውስጥ ማናቸውም ብቸኛ ቁጥር የሚገኘው በተጋማሽ ብዛት ነው። ስለዚህ በግራ ወገን ኢተጋማሽ ጊዜ የሚገኙት ብቸኛ ቁጥሮች የመ አካፋዮች ብቻ ናቸው፤ በቀኝ ወገንም እንዲሁ የነ አካፋዮች ብቻ ናቸው። ሁለቱ ወገኖች አንድ ቁጥር ስለ ሆኑ መ = ነ መሆን ግድ ነው፤ ከዚያም ሀ = ለ ይሆናል። እንግዲህ ይህ መልክ ለቁጥሩ እንደ መታወቂያው ነው፤ ሁለት መልሶች እኩል መሆናቸውን በእርሱ እንለያለን። የ«አውጣ» ደንብ እውነተኛ ምክንያትም ይኸው ነው።

፬. ደንቡ የሚቆምበት ስፍራ

ማባዛት ላይ የሠራው ደንብ መደመር ላይ አይሠራም። √9 + √16 = 3 + 4 = 7 ነው፤ √(9 + 16) ግን √25 = 5 ነው። ምክንያቱን ለማየት √ሀ + √ለን በራሱ እናባዛው፤ ሀ + ለ + 2√(ሀ × ለ) ይሆናል። ያ የመጨረሻው ክፍል ዜሮ ካልሆነ በቀር የዘሮች ድምር ከድምሩ ዘር ይበልጣል። በመሬት ምሳሌ ብንናገረው፥ ሁለት የካሬ መሬቶች ጎን ለጎን ተቀጣጥለው በድምሩ ርዝመት አዲስ ካሬ ቢሠራ ሁለቱ መሬቶች አዲሱን ካሬ አይሞሉትም፤ በሁለት ማዕዘኖች በኩል ባዶ ስፍራ ይቀራል። 2√(ሀ × ለ) የሚለው የዚያ ባዶ ስፍራ ልክ ነው።

መደመር የሚቻለው ተመሳሳይ ዘር ሲኖር ነው። √50 + √18 = 5√2 + 3√2 = 8√2። በአንጻሩ √2 + √3 ከዚህ ወደ አጠረ መልክ አይደርስም፤ እንዳለ መተው አለበት።

ሁለተኛው የጥንቃቄ ስፍራ ፊደል ሲገባ ነው። ብዙዎቻችን √(ሀ²) = ሀ ብለን እንቸኩላለን። ሀ = −5 ቢሆን ግን ሀ² = 25፥ √25 = 5 ነው፤ ሀ ግን −5 ነበር። ትክክለኛው ጽሕፈት √(ሀ²) = |ሀ| ነው፤ ይህም የሀ ፍጹም ዋጋ ማለት ነው። እንዲሁም √(ሀ² − 6ሀ + 9) = |ሀ − 3| እንጂ ሀ − 3 ብቻ አይደለም።

ይህን ጥንቃቄ የናቀ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከዚህ የታወቀ ማታለያ እንመልከት። 16 − 36 = 25 − 45 እውነት ነው፤ ሁለቱም −20 ናቸውና። በሁለቱም ወገን 81/4 ብንጨምር ግራው (4 − 9/2)²፥ ቀኙ (5 − 9/2)² ይሆናል። እዚህ ድረስ አንዳች ስሕተት የለም። አሁን የሁለቱን ዘር እንውሰድ ብሎ 4 − 9/2 = 5 − 9/2 የጻፈ ሰው 4 = 5 ሆኖ ያገኘዋል። ጉድለቱ ያለው 4 − 9/2 ከዜሮ ማነሱን፥ ማለት −1/2 መሆኑን በመርሳት ነው። በፍጹም ዋጋ ቢጽፈው ኖሮ 1/2 = 1/2 ብቻ ያገኝ ነበር።

ሦስተኛው፥ ደንቡ ከዜሮ በሚያንሱ ቁጥሮች ላይ አይሠራም። √(−4) × √(−9) = √36 = 6 ማለት ስሕተት ነው። ሐሳባውያን ቁጥሮችን የተማረ ሰው √(−4)ን 2√(−1)፥ √(−9)ን 3√(−1) ብሎ ሲጽፍ ብዜቱ 6 × (−1) = −6 መሆኑን ያያል። «ሀ እና ለ ከዜሮ የማያንሱ ሲሆኑ» የምትለው ቅድመ ሁኔታ እንደ ጌጥ የተቀመጠች አይደለችም።

፭. ከታሕቱ ላይ ዘርን ስለ ማንሣት

አሁን ወደ ሁለተኛው ደንብ እንለፍ። 1/√2ን ለምን √2/2 ብለን እንድንጽፍ እንታዘዛለን? በዋጋ ሁለቱ ፍጹም እኩል ናቸው። ምክንያቱ የሚገለጠው ወረቀትና እርሳስ ይዞ ለሚሠራ ሰው ነው። 1ን ለ1.41421356 ማካፈል አድካሚ ሥራ ነው፤ 1.41421356ን ለ2 ማካፈል ግን በቃል የሚሠራ ነው፤ 0.70710678። የስሌት መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን ይህ ደንብ ጊዜ የሚቆጥብ ነበር። ዛሬ መሣሪያው ሁለቱንም በእኩል ፍጥነት ስለሚሠራቸው ይህ ምክንያት ኃይሉ ቀንሷል።

ነገር ግን ከድካሙ ይልቅ ከፍ ያለ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም የግምትን ስሕተት ይመለከታል። 6/(3 − √7)ን እንውሰድ። ላዕሉንና ታሕቱን በ3 + √7 ብናባዛ ታሕቱ 9 − 7 = 2 ይሆናል፤ ስለዚህ መግለጫው 3(3 + √7)፥ ማለት 9 + 3√7 ነው። አሁን አንድ ተማሪ √7ን 2.65 ብሎ ይውሰድ። በመጀመሪያው መልክ ቢሠራ 6/0.35 = 17.14 ያገኛል። በሁለተኛው መልክ ቢሠራ 9 + 7.95 = 16.95 ያገኛል። እውነተኛው ዋጋ 16.937 ነው። የተጠቀመበት ግምት አንድ ነው፤ የመጀመሪያው መልክ ግን ከእውነቱ 0.2 ያህል አራቀው፥ ሁለተኛው ያራቀው ከ0.013 አይበልጥም።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። 3 እና 2.65 ተቀራራቢ ቁጥሮች ስለ ሆኑ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ በ2.65 ውስጥ የነበረችው ጥቂት ስሕተት ከዚያች ትንሽ ልዩነት አንጻር ስትታይ ትልቅ ትሆናለች፤ በእርስዋ ስናካፍልም ስሕተቱ ወደ መልሱ ይተላለፋል። በሁለተኛው መልክ ግን መቀነስ ስለሌለ ስሕተቱ በሦስት ብቻ ተባዝቶ ቀረ።

፮. ደንቡን መገልበጥ ሲያስፈልግ

ከላይ ያለውን የተረዳ ሰው ደንቡ አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ መሠራት እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል። √1001 − √1000 ምን ያህል ነው? በመጽሐፍ ደንብ መሠረት ይህ «የተቃለለ» ነው ሊባል ይችላል፤ ታሕት የለውም፥ √1000ም ቢሆን 10√10 ከመሆን አያልፍም። በአራት አኀዝ ብናሰላው ግን 31.64 − 31.62 = 0.02 እናገኛለን።

አሁን ደንቡን እንገልብጠው። በ√1001 + √1000 ብናባዛና ብናካፍል ላዕሉ 1001 − 1000 = 1 ይሆናል፤ መግለጫውም 1/(√1001 + √1000) ነው። ዘሮቹን ሆን ብለን ወደ ታሕቱ አወረድናቸው ማለት ነው። በእነዚያው አራት አኀዞች ብናሰላው 1/63.26 = 0.015808 ይሆናል። እውነተኛው ዋጋ 0.015807 ነው። የመጀመሪያው ስሌት መልሱን ከሩብ በላይ አጋንኖት ነበር፤ ሁለተኛው ግን እስከ አራት አኀዝ ትክክል ነው።

«ይህ በእጅ ለሚያሰላ ሰው ነው፤ ኮምፒዩተር ያለው ምን ይጨነቃል?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ኮምፒዩተርም ቢሆን በተወሰነ የአኀዝ ብዛት የሚሠራ መሣሪያ ነው፤ በተለመደው አሠራር ከ15 እስከ 16 አኀዝ ያህል ይይዛል። ሁለት እጅግ የተቀራረቡ ቁጥሮችን እንዲቀንስ ሲታዘዝ እርሱም እንደኛው አኀዞቹን ያጣል፤ ልዩነቱ የእርሱ ጥፋት ርቆ መደበቁ ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ለመሣሪያው የሚሰጠውን መልክ መምረጥ ግዴታው ነው። ወረቀት ላይ የተጣለው 1/(√1001 + √1000) በመሣሪያው ዘንድ የሚመረጠው መልክ ሆነ።

፯. ሁለት መልክ፥ አንድ መልስ

እስካሁን የተናገርነው ከፍርድ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የ15 ዲግሪ ኮሳይን ስንት ነው ተብለው ሁለት ተማሪዎች ተጠየቁ እንበል። አንደኛው 15 = 45 − 30 መሆኑን ተመልክቶ በልዩነት ቀመር ቢሠራ (√6 + √2)/4 ያገኛል። ሁለተኛው 15 የ30 እኩሌታ መሆኑን ተመልክቶ በግማሽ ማዕዘን ቀመር ቢሠራ √(2 + √3)/2 ያገኛል። ሁለቱ መልሶች በመልክ ወንድማማች እንኳ አይመስሉም። በተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት የመልስ መስጫው ላይ የመጀመሪያው ብቻ ተጽፎ ስለ ነበር ሁለተኛውን የጻፈ ጓደኛችን ነጥቡን አጣ።

ይሁን እንጂ ሁለቱ አንድ ቁጥር ናቸው። የመጀመሪያውን በራሱ ብናባዛ (6 + 2 + 2√12)/16 = (8 + 4√3)/16 = (2 + √3)/4 ይሆናል። ሁለተኛው በራሱ ሲባዛም (2 + √3)/4 ነው። ሁለቱም ከዜሮ የሚበልጡ ስለ ሆኑ እኩል ናቸው። «ከዜሮ የሚበልጡ ስለ ሆኑ» የሚለውን መጨመር ያስፈለገው በመጀመሪያው ክፍል እንዳየነው 3 እና −3 በራሳቸው ሲባዙ አንድ ስለሚሆኑ ነው።

በዘር ውስጥ ያለ ዘርን መፍታት የሚቻልበት መንገድም አለ። √(ሀ + 2√ለ) ቢሰጠን፥ ድምራቸው ሀ፥ ብዜታቸው ለ የሆኑ ሁለት ቁጥሮች እንፈልጋለን። መ እና ነ ቢገኙ √(ሀ + 2√ለ) = √መ + √ነ ይሆናል፤ (√መ + √ነ)² = መ + ነ + 2√(መ × ነ) ነውና። ለምሳሌ √(7 + 4√3)ን እንይ። 4√3 = 2√12 ነው፤ ድምራቸው 7፥ ብዜታቸው 12 የሆኑት 3 እና 4 ናቸው፤ ስለዚህ መልሱ 2 + √3 ነው። በዚሁ መንገድ √(3 + 2√2) = 1 + √2 መሆኑን አንባቢ ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል።

ግን ሁልጊዜ አይቻልም። በ√(1 + √2) ድምራቸው 1፥ ብዜታቸው 1/2 የሆኑ ሁለት ቁጥሮች መፈለግ ይኖርብናል፤ √2 = 2√(1/2) ነውና። ድምራቸው 1 የሆኑ ሁለት ተራ ቁጥሮች ደግሞ ብዜታቸው ከ1/4 ሊበልጥ አይችልም። እንዲህ ያለውን እንዳለ መተው ድክመት አይደለም፤ የማይፈታውን ለመፍታት ከመታገል እንደማይፈታ ማወቅ ይበልጣል።

፰. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ነገር ደንቦቹን ማቃለልና መናቅ አይደለም። ከምልክቱ ውስጥ የማውጣት ደንብ ሁለት ቁጥሮች እኩል መሆናቸውን የምንለይበትና ተመሳሳዮችን የምንደምርበት መሣሪያ ነው። ዘርን ከታሕት የማንሣት ደንብ በእጅ ለሚያሰላ ሰው ድካምን ይቀንሳል፤ በታሕቱ የተቀራረቡ ቁጥሮች ሲቀናነሱም ስሕተትን ያሳንሳል። ነገር ግን መቀነሱ ያለው በላዕሉ ላይ ሲሆን ያው ጥበብ ወደ ተቃራኒው ይሠራል። ሁለቱም የሚያገለግሉት የተሰጣቸውን ቅድመ ሁኔታ ስንጠብቅ ነው።

ስለዚህ የዘር መግለጫ ሲሰጠን ከመጻፋችን በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን ብንጠይቅ ይጠቅመናል። በምልክቱ ውስጥ ያለው ከዜሮ የማያንስ ለመሆኑ እርግጠኞች ነን ወይ? ቀጥሎ የምንሠራው መደመር ነው፥ ማወዳደር ነው፥ ወይስ በአኀዝ ማስላት? በማስላቱስ ጊዜ ሁለት ተቀራራቢ ቁጥሮች ይቀናነሳሉን? የእነዚህ መልስ የትኛው መልክ ቀላል እንደ ሆነ ይነግረናል።

ከመካከላችን ብዙዎች ነገ በየትምህርት ቤቱ የሌሎችን ደብተር የሚያርሙ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ከመልስ መስጫው ጋር የማይመሳሰል መልስ ሲያጋጥማቸው በራሱ አባዝተው ምልክቱን መመርመር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መልኩ ሌላ ሆኖ ዋጋው ያው ከሆነ ተማሪው ትክክል ነው፤ «አቃልለህ ጻፍ» ተብሎ አስቀድሞ ካልታዘዘ በቀርም ነጥቡ ይገባዋል።